የስልሳው ዕንቁላል ዝርዝር

«አይከፈትም አልኩ እኮ!»

«የዚህ ላብራቶሪ ኃላፊ ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«እርስዎ ነዎት። ደንቡን ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ። ሲናደዱ እንዲህ ናቸው፤ የጠራ መነጽር ይጠርጋሉ። ዶክተሯ ደግሞ በተቆጧት ቁጥር ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። አሁንም ከማይክሮስኮፑ አጠገብ እንደ ምሰሶ ተተክላለች። የዶክትሬት ትምህርቷን ከጨረሰች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዋ በሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ የደም ሥር ሲያድግ በማየት አልፏል።

«ሐሙስ ጠዋት ገምጋሚዎቹ መጥተው እዚህ ይቀመጣሉ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዝርዝሩ በፊታቸው ተከፍቶ ጉድ ቢፈላ ምን ልንል ነው? ቀድመን ብናየው ምን አለበት? ሁለት ደቂቃ እኮ ነው!»

«ካየነው በኋላ የሚያምነን የለም። ያለፈው ሙከራ ለምን ተጣለ? የትኛው ዕንቁላል መድኃኒት እንዳገኘ እያወቃችሁ ቆጠራችሁ ተብለን አይደል?»

«ቆጠራው እኮ አልቋል! ፈርመሽበታል!»

«ቢሆንም።»

«ቢሆንም! ቢሆንም!» ፕሮፌሰሩ ወደ ማጠቢያው ዞሩ። «አንተ! የመሳቢያው ቁልፍ አንተ ጋ ነው አይደል? ክፈትና ፖስታውን አምጣ።»

ብልቃጥ ሲያጥብ የነበረው ሰው ውሃውን ዘጋ።

በዩኒቨርሲቲው መዝገብ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው። እዚህ ቤት ከገባ አሥራ አራት ወሩ። ከሰላምታ በላይ ብዙ ስለማይናገር ዶክተሯ «አባ ዝምታ» ብላ ስም አውጥታለታለች። በሌላ መዝገብ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያዩት፣ ስሙ ክር ነው።

ፖስታው መሳቢያው ውስጥ የለም።

ፖስታው ከጋዋኑ ሥር፣ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ሊያቀብለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሯ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል መድኃኒት ሠርታለች፤ የመጨረሻው ፈተና በዶሮ ዕንቁላል ነው። ጫጩት በቋጠረ ዕንቁላል ቅርፊት ላይ የጥፍር ያህል መስኮት ይቀደዳል። በውስጡ ባለው ስስ ሽፋን ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል። መስኮቱ ይታሸጋል። ከሦስት ቀን በኋላ የበቀሉት የደም ሥሮች ይቆጠራሉ። ስልሳ ዕንቁላል ነው፤ ለሠላሳው መድኃኒት፣ ለሠላሳው የጨው ውሃ። ቆጣሪዋ የትኛው ምን እንዳገኘ ማወቅ የለባትም። ካወቀች ልቧ የፈለገውን ዓይኗ ያያል። ስለዚህ ዕጣ አውጥቶ፣ ጠብታውን አድርጎ፣ ዝርዝሩን በፖስታ የሚያሽግ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አፉ የሚታመን ሰው።

እሷ የመረጠችው እሱን ነው።

«ለራሴም እንዳትነግረኝ» ብላው ነበር። «ብለምንህም። ባለቅስም።» ከዚያም በፖስታው መዝጊያ ላይ፣ ግማሹ በክዳኑ ግማሹ በሆዱ እንዲያርፍ አድርጋ ፈረመችበት። ዝርዝሩን ያለፊርማዋ ማንም ከፍቶ ሊዘጋው አይችልም። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች።

«አልሰማህም እንዴ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ክር እጁን አደረቀ። ከማጠቢያው እስከ መሳቢያው ስድስት እርምጃ ነው።

አንድ።

ቁልፉ ቤት ቀረ ይበል? ጠዋት ሲከፍት አይተውታል።

ሁለት። ሦስት።

ብልቃጡን ይጣለው? ፕሮፌሰሩ ብርጭቆ ተሰበረ ብለው የሚረሱ ሰው አይደሉም።

አራት።

ዶክተሯ ዘልላ ከመሳቢያው ፊት ቆመች። ጀርባዋን ለመሳቢያው፣ ፊቷን ለፕሮፌሰሩ ሰጠች።

«እሱን አያስጨንቁት። አደራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከፈለጉ እኔን ገፍተው ይክፈቱ።»

የዕንቁላል ማሞቂያው፣ የኢንኩቤተሩ፣ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ግትር ነሽ። እናትሽን ነው የምትመስዪው?»

«እሳቸው ይብሳሉ።»

«እንግዲያው ሐሙስ የሚፈላውን ጉድ አብረን እንጠጣዋለን» አሉና በሩን ዘግተው ሄዱ። አዘጋጉ የቁጣ ነበር፤ ፊታቸው ግን ፈገግ ብሎ ነበር።

ዶክተሯ ትንፋሿን ለቀቀች። «ልትከፍትላቸው ነበር?»

«አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ ባትኖር ዛሬ እጅ ሰጥቼ ነበር።»

ክር ቆሻሻ ጋዋኖቹን ከማንጠልጠያው አንድ በአንድ አወረደ። ማክሰኞ የእጥበት ቀን ነው።

* * *

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው። ክር አምስት መንገድ ዞሮ ሄደ። መስታወት ቤት ደጃፍ ቆሞ ፀጉሩን እያበጠረ ከኋላው ያለውን አየ። ሁለት ተማሪዎች። አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት። የቆመ ታክሲ።

ታክሲው ሄደ። ሴትየዋ ገባች። ተማሪዎቹ ስለ ፈተና ይጨቃጨቃሉ።

የሚከተለው የለም።

የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ወፍራም፣ ፊቱ በእንፋሎት የቀላ ሰው ነው። ሰፈሩ «እጀ ብሩክ» ይለዋል፤ እሱ የተኮሰው ሸሚዝ ሳምንት አይጨማደድም። በሌላው መዝገብ ስሙ ካውያ ነው።

«ስንት ነው?»

«አራት ጋዋን። አንዱ አዮዲን ነክቶታል።»

«አዮዲን አይለቅም።»

«እስቲ ሞክረው።»

«ተቀመጥ።»

ክር መንገድ ላይ ያዛወረውን ፖስታ አዮዲን የነካው ጋዋን በኪሱ ይዞታል። ካውያ ጋዋኖቹን ወደ ጓዳ ወሰደ። የእንፋሎቱ ፉጨት ተሰማ። የዶክተሯን ፊርማ ሳይጎዳ ሙጫውን የሚያላቅቅ እንፋሎት ከዚህ ቤት በስተቀር አይገኝም። ክር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ገለጠ።

ደወሉ አቃጨለ። አንዲት ሴት ሹራብ እያውለበለበች ገባች።

«የት ሄደ ይሄ ሰውዬ? ሹራቤን ለልጄ አድርጎልኝ!»

«መጣሁ!» አለ ካውያ ከጓዳ።

«ምን መጣሁ ነው፤ እኔው እመጣለሁ!» ሴትየዋ የባንኮኒውን መዝጊያ አነሳች። ከጓዳው መጋረጃ ሁለት እርምጃ ቀራት።

ክር ተነሳ። «እስቲ ልየው፤ በእርግጥ ጠቧል?»

«ጠቧል? እየው እንጂ! እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ!» ወደ እሱ ዞረች። ሹራቡን ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። መጋረጃው ሲወዛወዝ ካውያ ወጣ፤ እጁ ባዶ ነው።

«ልጅሽስ ምን አለ?» አላት።

«ደስ ብሎት ለብሶት ዋለ!»

«እኔን ለምን ትቆጪኛለሽ ታዲያ? አንድ ልብስ ሁለት ሰው አለበስኩበት።»

ሴትየዋ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ስቃም አልቀረች፣ እየተራገመች ወጣች። ካውያ ለክር የታጠፈ ጋዋን አቀበለው።

«አዮዲኑ አልለቀቀም።»

«ብለህ ነበር።»

ፖስታው ከጋዋኑ እጥፋት ውስጥ ነው። ፊርማው ሳይሰበር እንደ ነበረ ተቀምጧል። ኮፒ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። «ይነበባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ማንም አይጎዳም።» ክር ይህን ቃል አሥራ አራት ወር እንደ ትራስ ተንተርሶት ኖሯል።

ላብራቶሪው ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ፖስታውን መሳቢያው ውስጥ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል አውራ ጣቱ ቆመ።

ከውስጥ ያለው ወረቀት ለሦስት ታጥፏል።

እሱ ለአራት ነበር ያጠፈው።

በሩን ቆለፈ። የሙቅ ውሃውን ገንዳ ክዳን አነሳና ፖስታውን በእንፋሎቱ ላይ ያዘ። ከካውያ ይልቅ ዘገየ፤ ግን ተሳካለት። ወረቀቱን ዘረጋ። የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። ሰባት ቁጥርን ሲጽፍ የሚያደርጋት ትንሽ ጭረት እንኳ አለች። ያልጻፈውን በገዛ እጁ ጽፎ አገኘው።

ማስታወስ የሠለጠነበት ነገር ነው። ስልሳውንም ዕጣ ባወጣበት ቀን በቃሉ ይዟቸዋል፤ እነሱ ግን ወረቀቱን ራሱን ነበር የፈለጉት። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ወረደ።

አሥራ ስድስት ቁጥሮች ተለዋውጠዋል። ስምንት የመድኃኒት ዕንቁላል ወደ ጨው ውሃ፣ ስምንት የጨው ውሃ ወደ መድኃኒት።

የትኞቹን መለወጥ እንዳለባቸው በደንብ አውቀዋል። የቆጠራውን ወረቀት ትናንት ያቀበላቸው እሱ ነዋ።

* * *

«አንድ ጋዋን ቁልፍ ጎድሎታል።»

ረቡዕ ጠዋት ነው። ይህ አረፍተ ነገር ለአደጋ ብቻ የተቀመጠ ነው። ካውያ የበሩን ሰሌዳ ወደ «ዝግ» ገለበጠና ወደ ጓዳ መራው።

«ፈጣን ሁን።»

«ኮፒ ብቻ ነበር የተባለው።»

«እውነተኛው እኛ ጋ አለ። ኮፒው እነሱ ጋ ይቀራል። ምን ልዩነት አለው?»

«ማንም አይጎዳም ብለኸኝ ነበር።»

«ሞተ የተባለ ሰው አለ?»

«መድኃኒቱ ይሠራል!»

«ድምፅህን ቀንስ። መሥራቱን አጥተነው ነው? ለዚያ ነው እኮ። እኛ ጋ ይሠራል። እዚያ አይሠራም። ነገ አይሠራም ከተባለ ማንም ደግሞ አያነሳውም፤ ማንም አይቀድመንም።»

«ፖስታውን ባላስገባውስ? በቃሌ ያለውን ጽፌ ብተካውስ?»

ካውያ አልተቆጣም። ከተኮሳቸው ሸሚዞች ሥር አንድ አረንጓዴ ፋይል አወጣና ገልጦ አስቀመጠ። መልእክቶች ናቸው፤ ከነቀናቸው። የሙከራ ማስታወሻዎች፣ ፎቶዎች፣ የመድኃኒቱ አሠራር። አሥራ አራት ወር ሙሉ ክር ያወጣው ሁሉ እዚህ አለ። በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ ግን የላኪው ስም የዶክተሯ ነው።

«የኮምፒዩተሯን የምስጢር ቃል ማን ነው የሰጠን?» አለ ካውያ።

የሰጠው ክር ራሱ ነው፤ በሁለተኛው ወር። ቸኩላ ስትወጣ «ያንን ማሽን ዝጋልኝ፤ ቃሉ የእማዬ የልደት ቀን ነው» ብላው ሄዳ ነበር።

«አንድም ቦታ ያንተ ስም የለም። ምርምሩን ለባዕድ ስታሾልክ የኖረችው እሷ ናት። ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ታውቀዋለህ። ነገ ውጤቱ ከወደቀ ይሄ ይቃጠላል፤ ለማይረባ ነገር ማን ይከሰሳል? ካልወደቀ ግን ዓርብ ጠዋት መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«የአብዬን ወደ እምዬ።»

«ተረቱን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ነገ ሰባት ሰዓት አውቶቡስ አለ። ከዚያ በኋላ ክር የሚባል ሰው የለም።» ካውያ ሰሌዳውን መልሶ ገለበጠ። «ቁልፉን ተክቼልሃለሁ፤ ለደንበኛ አላስከፍልም።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ክር መንገድ ላይ ሆኖ ወደ ኋላው አላየም። የሚከተለው ቢኖር ያን ቀን በቀላሉ ይይዘው ነበር።

* * *

ከቀትር በኋላ ዶክተሯ አልጋ እንዲሸከምላት ለመነችው። እናቷ ደረጃ መውጣት አልቻሉም፤ አልጋቸው ከፎቅ ወደ ምድር ቤት መውረድ አለበት። እምቢ የሚልበት ምክንያት አላገኘም።

እናቷ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸው በበርጩማ ላይ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ነው አባ ዝምታ?» አሉ። «ስትተርክልኝ ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር። አንተ ገና ወንድ ነህ!»

«እማዬ!»

«ምን አልኩ? ዝም የሚል ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል? አባትሽ ተኝቶም ይናገር ነበር።»

አልጋው የብረት ነው። ክር ከታች፣ ዶክተሯ ከላይ ሆነው ደረጃውን ያዙ። መጠምዘዣው ላይ አልጋው ተቀረቀረ። ዶክተሯ ሳቀች፤ ሳቁ ጉልበቷን ጨረሰው። «አትሳቂ፣ ልትጥዪብኝ ነው» አላት ክር። በአሥራ አራት ወር ካወራት ሁሉ ረጅሙ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። እናቷ ከወንበራቸው ሆነው «ወደ ግራ! የኔን እግር አይታችሁ ሂዱ፣ ወደ ግራ!» እያሉ አዘዙ።

አልጋው ሲተከል ዶክተሯ ፋሻውን ፈታች። ስኳር ነው። ሁለት ጣቶች አምና ተቆርጠዋል። ተረከዛቸው ላይ ያለው ቁስል የሳንቲም ያህል ነበር አለች፤ አሁን የመዳፍ ያህል ሆኗል። ዳሩ ጠቁሯል። ደም አይደርስበትም።

«ጣቶቼ ቀድመውኝ ሄደዋል» አሉ እናቷ። «እዚያ ቦታ ይዘው ይጠብቁኛል። ሐኪሙ ደግሞ ጠቅላላ እግሯ ይከተላቸው ይላል። እኔ እምቢ ብዬዋለሁ። የልጄ ነገር ሐሙስ ይታያል፤ ከሐሙስ በፊት ቢላ አታሳየኝ አልኩት።»

ዶክተሯ አንገቷን ሳታነሳ ተናገረች። «ሌላውን ፈተና ሁሉ አልፏል። የነገውን ካለፈ ሆስፒታሉ በአሥር ሰዎች ሊጀምር ተዘጋጅቷል። ፕሮፌሰሩ እማዬን ከአሥሩ አንዷ አድርገው አስመዝግበዋታል። ትናንት የተቆጡኝ ለእሷ ፈርተው ነው።»

ክር ያደፈውን ፋሻ ተቀበላት። የሚጥልበት አጥቶ ይዞት ቆመ።

«አንተስ እናት አለችህ?» አሉት እናቷ።

«አለችኝ።»

«ትጠይቃታለህ?»

«ሥራ ይበዛል።»

«እንዲህ ነው የምትሉት» አሉና እጁን ያዙት። መዳፋቸው ሞቃት ነው። «ልጄ በዚያ ቤት ብቻዋን አለመሆኗን ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

እጁን ቀስ ብሎ ከመዳፋቸው አወጣ።

* * *

ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል። ላብራቶሪው ውስጥ እሱ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው ፖስታ አለ። በስተቀኙ የእነሱ ዝርዝር። በስተግራው አሁን በቃሉ የጻፈው እውነተኛው። ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ይመስላሉ።

እውነቱ ቢገባ መድኃኒቱ ያሸንፋል። ለአንድ ቀን። ዓርብ ጠዋት ይይዟታል። የከሃዲ መድኃኒት ማን ሆስፒታል ያስገባል? እናትዬውም እግራቸውን ያጣሉ፤ ልጃቸውንም።

ይንገራት?

ብትሰማ ዝም አትልም። ለመሳቢያ በሁለት እጇ የተሟገተች ሴት ለዚህማ ጣሪያ ታነሳለች። መርማሪ ይመጣል፤ የምስጢር ቃሉ የማን ነው ይላል። የእሷ ነው።

ራሱን አሳልፎ ይስጥ? እኔ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? የላከው መሥሪያ ቤት አናውቀውም ይላል። አፍቃሪዋ ነው ይባላል፤ አብረው ይታሰራሉ።

ሒሳቡ ትክክል ነበር። ከየትም ቢጀምረው እዚያው ይደርሳል። አንድ ነገር ግን ከሒሳቡ ሾልኮ ቀረ፤ ከሁሉም መንገዶች እሱ በሰላም የሚወጣበት ይሄኛው ብቻ ነው። ይህን አየው። አይቶትም አለፈው።

የግራውን ወረቀት በክብሪት ለኮሰ። አመዱን በማጠቢያው አወረደው።

የቀኙን ለሦስት እንደታጠፈ አስገባ። ሙጫ ቀባ። ፊርማው ከፊርማው ጋር እስኪገጥም በጥፍሩ እየገፋ አስተካከለው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዶክተሯ መጣች። አዲስ የተተኮሰ ጋዋን ለብሳለች። ኮሪደሩ ላይ ያዛት።

«ዶክተር፣ አንዴ።»

«ምነው?»

«ዛሬ ባይከፈትስ?»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች። «ፕሮፌሰሩ ተጋቡብህ? አንተ እንኳ ፈራህልኝ?» የኮሌታውን እጥፋት አስተካከለችለት። «አይዞህ።»

አይዞህ አለችው።

አፉን ከፈተ። እሷ ገብታለች።

* * *

ገምጋሚዎቹ አምስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ባለ ሽበት ሴት ናት። ፖስታውን ለሁሉም አሳየች፤ ፊርማው አለመነካቱን አረጋገጠችና በመቀስ ቀደደችው።

«ዕንቁላል አንድ፣ የጨው ውሃ። ዕንቁላል ሁለት፣ መድኃኒት። ዕንቁላል ሦስት፣ መድኃኒት...»

ፕሮፌሰሩ እያንዳንዱን በኮምፒዩተር መዘገቡ። ክር በሩ አጠገብ ቆሟል። ሐሰት የሆነው ቁጥር በተጠራ ቁጥር የሚወጋው ሰው ያለ ይመስል ጎኑ ይሸማቀቃል። አሥራ ስድስት ጊዜ።

ስልሳው አለቀ። ፕሮፌሰሩ ቁልፉን ተጫኑ። መነጽራቸውን አወለቁ።

አልጠረጉትም።

«አማካይ፣ መድኃኒት፤ ሃያ ስምንት ነጥብ አራት። አማካይ፣ የጨው ውሃ፤ ሃያ ስምንት ነጥብ አንድ።»

የመድኃኒቱና የጨው ውሃው ጠብታ እኩል ናቸው ማለት ነው። ሦስት ዓመት እኩል ለእኩል ወጣ።

«አንድ ጊዜ» አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ይሄ ሊሆን አይችልም። ዝርዝሩ ተሳስቶ እንዳይሆን።»

ሰባት ሰው ወደ በሩ ዞረ።

ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችው። «ይህ ያንተ የእጅ ጽሑፍ ነው?»

ወረቀቱን አየው። ሰባት ቁጥር ላይ ያለችውን ጭረት አየ።

«ነው።»

«ስትጽፍ የተሳሳትክ ይመስልሃል?»

አሁን ነው። አንድ «አዎ» ብቻ። የማያሳስር፣ ማንንም የማያጋልጥ ትንሽ አዎ። ፈተናው ሊደገም ይችል ነበር። ይህን መንገድ ጠዋት አላሰበውም፤ አሁን ፊቱ ቆሟል። ግን ከአረንጓዴው ፋይል ያድናታል? ውጤቱ ካልወደቀ ተብሏል። ቁጥሩን ሊያሰላ ጀመረ፤ እንደ ልማዱ።

እያሰላ ሳለ ዶክተሯ ቀደመችው።

«እሱ አይሳሳትም» አለች። ጥርት ባለ ድምፅ። «በዚህ ቤት ሁሉም ሰው ተሳስቶ ያውቃል። እኔ፣ ፕሮፌሰሩም ጭምር። እሱ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ዝርዝሩ ልክ ነው።» ቁጭ አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያለፈውን ሁሉ ማየት የፈለግሁትን ነው ያየሁት።»

ሰብሳቢዋ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች።

* * *

ገምጋሚዎቹ ሲወጡ ፕሮፌሰሩ ሸኟቸውና አልተመለሱም። ዶክተሯ ኢንኩቤተሩን ነካችው፤ አሁንም ሞቃት ነው።

«ለማን ይሞቃል» አለችና አጠፋችው። ማራገቢያው እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ስልኳን አወጣች። ክር ብልቃጦቹን በየቦታቸው ይደረድራል።

«እማዬ... አይ፣ አላለቀስኩም... አልሆነም እማዬ... አይ፣ ስህተቱ ከእኔ ነው... እማዬ፣ ስሚኝ። ለሐኪሙ እሺ በይው።»

ከወዲያኛው ጫፍ ምን እንደተባለ አይሰማም። ዶክተሯ ግን በእንባዋ መሃል ሳቀች። «በአንድ ጫማ ሁለት ዓመት ትሄጃለሽ፣ እውነትሽን ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ረጅም ጊዜ «እሺ፣ እሺ» አለች።

ክር ጋዋኑን አወለቀ። በማንጠልጠያው ላይ ሰቀለው። መሄዱን ትጠይቀው እንደሆነ ትንሽ ቆየ። እሷ ስልኩ ላይ ናት።

ከደረጃው ሥር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ዙሪያ ተማሪዎች ተጋፍተዋል፤ የፈተና ውጤት ወጥቷል። አንዷ እየዘለለች ጓደኛዋን ታቅፋለች። አንዱ ስሙን ከታች ወደ ላይ ይፈልጋል። ጥበቃው ጎርደድ ጎርደድ እያለ ለአንድ መኪና «እዚህ አይቆምም» ይላል፤ ሾፌሩ «አንድ ደቂቃ እኮ ነው» ይላል።

ክር ይባል የነበረው ሰው በመሃላቸው አለፈ። በሩ ላይ የቆመ አንድ ረጅም ተማሪ ሳያየው ጎኑን ሰጥቶ አሳለፈውና ወደ ወሬው ተመለሰ።